መንደር፣ ሰፈር፣ ወሰን

በዛሬው ዓምዳችን የምናጠናቸው ሦስት ቃላት መንደር፣ ሰፈርና ወሰን ናቸው። ቃል ከሚያመለክተው ነገር ጋራ ሲጠና በልብ ይቀራልና፣ ሦስቱን በአንድነት ወደምናገኝበት ወደ ሞያሌ እንውረድ።

መንደር ማለት ነዋሪዎቹ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበት አነስተኛ የመኖሪያ ስፍራ ነው። ሰፈር ግን የከተማ ክፍል ነው፤ ሰፈረ ከሚለው ግሥ ይወጣል። ከተማ ሲሰፋ መንደሩን ይጠቀልለዋል፤ የመንደሩ ጠባይ ግን ቶሎ አይጠፋም። በርሊን በ1913 ዓ.ም. ስትሰፋ 59 የገጠር መንደሮች ከከተማይቱ ጋራ ተቀላቀሉ። ከነዚህ አንዱ ሉባርስ እስከ ዛሬ እርሻውንና የመንደር አደባባዩን ይዞ ይኖራል። በ1953 ዓ.ም. የበርሊን ግንብ በተሠራ ጊዜ ግን በዳርቻው ስላለፈ፣ ከጎረቤት መንደሮች ጋራ 28 ዓመት ተለያየ።

ወሰን የሚባለው የአንዱ አገር መሬት የሚያልቅበትና የሌላው የሚጀምርበት መስመር ነው። በመስመሩ አጠገብ ያለው አገር ደግሞ ጠረፍ ይባላል። ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ጠረፍ ላይ ያለች፣ በአንድ ስም የምትጠራ ባለ ሁለት ክፍል ከተማ ናት። እንግሊዞች በኬንያው ወገን ያቋቋሙት ጣቢያ፣ በአዲስ አበባ ወኪላቸው በነበሩት በሃሪንግተን ስም ፎርት ሃሪንግተን ይባል ነበር። ጠረፉን እንዲቈጣጠር በ1905 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተሾመው ግሪካዊው ፊሊፕ ዛፊሮ ነበረ። ጣልያኖች ይህን ስፍራ በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ያዙት፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ለቀቁት።

ኦቦ በኬንያው ወገን ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፣ በሶሎሎ አቅጣጫ ይገኛል። ዛሬ በማርሳቢት አውራጃ ውስጥ ካሉት ከ7ቱ የሞያሌ ቀጠናዎች አንዱ ነው። በመዝገብ ቀጠና ይባል እንጂ በኑሮው መንደር ነው፤ ነዋሪዎቹም በብዛት ከብት አርቢ ቦረናዎች ናቸው። አንዱ ወንድም በወሰኑ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይኖራል።

እንግዲህ ይህ ወሰን በተዋዋሉ ጊዜ ስለ ሕዝቡ ምን ታሰበ? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በኅዳር 1900 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መስመሩን ከወሰነ በኋላ፣ በሁለቱም ወገን የሚኖሩ ነገዶች እንደ ቀድሞው በግጦሹ እንዲጠቀሙ፣ ወደ ጉድጓዶቹም በነጻ እንዲደርሱ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ወሰን ተሻግሮ የሚያግጥ ሰው በደረሰበት አገር ሥልጣን ሥር እንዲሆን ተደንግጓል።

ይህ አንቀጽ በዋዛ የተጻፈ አይደለም። በዚያ አገር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ግን 5 ወቅቶች በተከታታይ ሳይዘንቡ ቀሩ፤ መንጋውም አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕይወት የሚገኘው ከጥልቁ ጉድጓድ ነው። ቦረናዎች በጉድጓዱ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ቆመው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ፤ የማጠጣቱንም ተራ አባ ሄሬጋ የሚባለው ሰው ይጠብቃል። ተራ የተዛባ እንደ ሆነ ጠብ ይነሣል፤ ጠብም ከመንጋ አልፎ ወደ ሰው ይደርሳል።

እነሆ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የጋራ የኬላ ጣቢያ በሞያሌ ተመርቋል። መኪናና ሸቀጥ የሚያልፍበት በር ተከፈተ ማለት ነው። ከብቱን እየነዳ የሚመጣው እረኛ ግን በዚያ በር ሳይሆን በውሃው መንገድ ይጓዛል። ስለዚህ በጠረፍ የሚሾም ሰው ወሰኑን በካርታ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ተራውን ማን እንደሚጠብቅ፣ ሽማግሌዎቹስ እነማን እንደ ሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላልና፤ በኦቦ ግን ጎረቤቱም ዘመዱም አንድ ሰው ነው።