ጡረታ ወጥቶ መንገድ ያጣ ትውልድ

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው አልጋና ምድጃ የተገጠመለት መኪና ይገዛና ብቻውን «ሩት 66»ን ይዞ ከቺካጎ ወደ ካሊፎርኒያ ይነዳል። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1926 ተሰይሞ በ1985 ከአውራ ጎዳና መዝገብ ተሰርዟል። ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም ይሄዱበታል። በወጣትነት ጊዜ ያጡለትን ነገር በእርጅና ለማየት ነው።

የኢትዮጵያ ጡረተኛ እንዲህ ያለ መኪና አያምረውም፤ የአውቶቡስ ወንበር ይበቃዋል። ታሪካዊ መንገድ ግን እሱም አለው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ደጀን ይወጣል። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በቡሬና በደብረ ማርቆስ በኩል አልፈው ነው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገቡት።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ማንኩሳ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩባት ማንኩሳ። መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ይከታተል የነበረ ወጣት ዛሬ ስድሳን ተሻግሯል። «ጡረታ ስወጣ ሄጄ አያታለሁ» ያለ ስንት ሰው ይኖራል? ሌላው ደግሞ ግሽ ዓባይ ጸበል ሊጠመቅ፣ ወይም ቡሬ ገጠር ያለች ታላቅ እህቱን ሊጠይቅ ነው ያሰበው። ሕጉ በ60 ዓመቱ ከሥራ አሰናበተው። ጊዜ አገኘ፤ መንገድ አጣ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። (የከተማዋ ስም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው።) በ2016 ክረምት መግቢያ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ተገድደው ወርደው ታገቱ። ዓባይን ከመሻገር በፊት ያለው መንገድም ያው ነው ማለት ነው። በአውሮፕላን ባሕር ዳር መድረስ የሚችለውስ? ከዚያ ቡሬ ለመግባት መራዊን፣ ዳንግላንና እንጅባራን በመኪና ማለፍ አለበት።

«ሰው እየሞተ የሽማግሌ ሽርሽር ምን ወሬ ነው?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ተራ አይደለም። ነገር ግን ነጋዴ ጉዞውን ለከርሞ ያስተላልፋል፤ ወጣትም ይጠብቃል። ጉልበቱ የሚያመው የ68 ዓመት ሰው «ለከርሞ» ሲባል «ቀረ» ማለት ነው። ከ60 በኋላ በእግሩ ቆሞ አገር የሚያይበት ዘመን አሥር ዓመት ቢሆን ነው፤ ከዚያ ላይ በየዓመቱ እየተቆረጠበት ነው። የእህቱ ልጅ ሲሞት ለቅሶ መድረስ አቅቶት በቴሌብር ገንዘብ የላከ አጎት ሽርሽር አልቀረበትም። ያልተቀበረ ሐዘን ነው ይዞ የተቀመጠው።

ባለሥልጣን «መንገዱ ክፍት ነው» ሲል መለኪያው የጭነት መኪና ማለፉ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ግን አንዲት የ65 ዓመት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው፣ ማንም ሳያጅባቸው፣ አስቀድመው ደጀንም ጅጋም ሳይደውሉ ቡሬ መድረስ መቻላቸው ነው። መንገድ መዝጋትን የትግል ስልት ያደረገ ታጣቂም ማንን እያገደ እንደሆነ ይመልከት። መንግሥት የሚበላው ስንዴ በዚያ አውቶቡስ ላይ አልተጫነም፤ የተጫኑት የገዛ አካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው።

ጦርነቱ ነገ ላያበቃ ይችላል። መንገደኛን ከውጊያው ማውጣት ግን ድርድሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። የሚዘጋውን ቀን ቀድሞ መንገር፣ ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ አለመንካት፣ ለሕመምተኛና ለአዛውንት ማሳለፍ፤ ይህንን ለማድረግ ማንም ወገን የሚያጣው መሬት የለም።