ፊቱን ተዉትና ወገቡን ሳሉ

ባለፈው ዓመት ለአንድ አጭር ፊልም የአንዲት እናት ገጸ ባሕርይ አኒሜት አደረግኩ። የልጇን ሞት በስልክ ትሰማለች። ስምንት ሰከንድ ብቻ ናት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። ቅንድቧን ሰበሰብኩ፣ ከንፈሯን አንቀጠቀጥኩ፣ እንባዋን ጠብታ በጠብታ አወረድኩ። በኩራት ለእናቴ አሳየኋት። እማዬ ዝም ብላ አየችና «ሴትዮዋ ጥርሷን ነው የሚያማት?» አለችኝ።

ተናደድኩ። በኋላ ግን የገጸ ባሕርይዋን ፊት በእጄ ሸፍኜ ደግሜ አየሁት። ቀጥ ብላ ቆማለች። ትከሻዋ እንደ ቁም ሳጥን ነው። አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ እሱንም ከውጭ ፊልም ነው የወሰድኩት። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ልጅ የሞተባት ሴት እንዲህ ቆማ አይቼ አላውቅም። እጇን ራሷ ላይ ትጭናለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ወገቧን ትይዛለች፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በየለቅሶ ቤቱ አይቻለሁ። አየሁት እንጂ አንድም ቀን ስዬው አላውቅም።

ጠቤ እዚህ ላይ ነው፤ ከራሴም ከእናንተም ጋር። እኛ ዘንድ አኒሜሽን መማር ማለት ሶፍትዌር መማር ሆኗል። ስንገናኝ የምናወራው ስለ ብሌንደር አዲስ ቨርዥንና ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው። «ሰው ሲያፍር ክብደቱ የትኛው እግሩ ላይ ነው የሚያርፈው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስንቸኩል ደግሞ ከሚክሳሞ ዝግጁ እንቅስቃሴ እናወርዳለን። ከኋላ ለሚያልፍ መንገደኛ ምንም አይደል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ግን ጋቢ ለብሶ፣ ትከሻውን ሰብቆ፣ መዳፎቹን ዘርግቶ «እኔ እንጃ» ሲል እናየዋለን። የአገር ልብስ የለበሰ የሰው አገር ሰውነት!

የኛ ሰው እኮ «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ታላቁን ሲጨብጥ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ከወገቡ ጎንበስ ይላል። ሐዘንተኛ ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስለምትለብስ ፊቷን ሳናይ ከሩቅ እናውቃታለን። እነዚህ መጨረሻ ላይ የሚጨመሩ ጌጦች አይደሉም፤ ትወናው ራሱ ናቸው።

«ዲዝኒ እኮ ገንዘብ ስላለው ነው» ትሉኛላችሁ። ገንዘቡንስ ምን ላይ አዋለው? እ.ኤ.አ. በ1932 ዶን ግራሃም የሚባል የሥዕል መምህር ቀጥሮ፣ ካርቱን በመሳል የሚተዳደሩ ሰዎችን ሞዴል ፊት አስቀምጦ እንደገና ሰው አሳላቸው። «ስኖው ኋይት» የወጣችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የምናገኘው ታዋቂ ልምምድ ደግሞ ግማሹ የተሞላ የዱቄት ከረጢት ነው። ዓይን የለው፣ አፍ የለው። እሱን አሳዝኑት፣ አኩሩት፣ አስደንግጡት። የላይኛው ጫፍ ሲንጠለጠል ሐዘን ይሆናል፤ ሆዱ ወደ ፊት ሲነፋ ኩራት። ይህ ስንት ብር ያስወጣል?

የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ይስሉታል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ምን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

«ኤአይ እያለ ለምን እሳላለሁ?» የሚልም አለ። ኤአዩ ካወጣላችሁ አሥር ፖዝ ውስጥ ውሸቱን ከእውነቱ የሚለየው ማን ነው? ዓይናችሁ። ዓይን ደግሞ የሚሰላው በእጅ ነው። እኔ ያን ሁሉ ለቅሶ አይቼ ባዶ እጄን የቀረሁት ስላልሳልኩ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ወር በቀን ግማሽ ሰዓት ኮምፒውተሩን ዝጉት። መብራት ሲጠፋማ ሰበብ አያስፈልጋችሁም። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ምረጡና በ30 ሰከንድ ሳሉት፤ አፍንጫውን ሳይሆን ከራሱ እስከ ተረከዙ የሚወርደውን አንድ መስመር። በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት እንደ ቀስት ተለጥጧል፤ ከሥራ የምትመለሰው ሴትዮ ወደ ዘንቢሏ አዘንብላለች። ማታ ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሙሉት። ጥላው ብቻ ቀርቶ ሰውዬው ምን እንደተሰማው ካልታወቀ፣ ፖዙ ወድቋል። ከዚያ ተነሡና መስታወት ፊት ራሳችሁ ሥሩት፤ ቤተሰብ ቢስቅባችሁም በቃ ይሳቅ።

እኔ ያቺን ስምንት ሰከንድ ጣልኳት። ወረቀት ላይ 40 ትንንሽ ሴቶች ሳልኩ። ከእነሱ አራት መረጥኩ፦ ስልኩን ስታነሳ፣ ትንፋሿ ቀጥ ሲል፣ እጇ ራሷ ላይ ሲወጣ፣ ጉልበቷ ሲታጠፍ። 192ቱን ፍሬም የተሸከሙት እነዚህ አራቱ ናቸው። ፊት አልሠራሁላትም፤ ዓይን እንኳ የላትም።

እንደገና ለእናቴ አሳየኋት። እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና «ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ።