ዘውድ፣ ጎፈር እና ጀሪካን

ባለፈው ሰሞን አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪያችን የወንድሟን ሞባይል ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች አብደዋል ወይስ ሥራቸው ነው?» አለችን። ቪዲዮው ላይ የቻይና ወጣቶች ሰማያዊ ፀጉር ደፍተው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም ሰይፍ ተሸክመው አዳራሽ ውስጥ ይንጎራደዳሉ። አብደዋል እንዳንል ብዛታቸው፤ ሥራ ነው እንዳንል ደግሞ አብዛኞቹ ከኪሳቸው የሚያወጡ እንጂ የሚከፈላቸው አይደሉም።

ነገሩ ኮስፕሌይ ይባላል። ቃሉን ከእንግሊዝኛ ቆርጠው የገጣጠሙት ጃፓኖች ናቸው፤ በልብስ መጫወት እንደማለት ነው። ከካርቱን ወይም ከኮምፒውተር ጨዋታ የወደዱትን ሰው መርጦ ልብሱን፣ ፀጉሩን፣ አቋቋሙን ሳይቀር መምሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና ሻንጋይ ላይ የሚካሄደው ቻይናጆይ የተባለ የጨዋታዎች ኤግዚቢሽን እንዲህ የለበሱ ቡድኖችን ያወዳድራል። ሻንዶንግ ውስጥ ደግሞ ጻኦ በምትባል ወረዳ ገበሬዎች የመድረክ ልብስ እየሰፉ በኢንተርኔት ይሸጣሉ።

ታዲያ የልጅ ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ሱዡ በተባለችው ከተማ አንዲት ወጣት የካርቱን ገጸ ባሕርይ ለመምሰል የጃፓን ኪሞኖ ለብሳ መንገድ ላይ ፎቶ ስትነሳ ፖሊስ ይዟት ለሰዓታት መረመራት። ጃፓን ቻይናን ወርራ ያደረሰችው በደል አልተረሳማ! አንዷ ካርቱን ለበስኩ ስትል ሌላው ጠላት ለበሰች አለ።

ይህን ያነሳነው የሰው አገር ጉድ ለማውራት አይደለም። ካርቱም ሳለን እኛም ልጆች አልብሰን ጣጣው ደርሶናል።

የካቲት 2014 ዓ.ም ነው። ያን ጊዜ ጅሬፍ አካባቢ የስደተኛ ልጆች በሚማሩባት አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። ልጆቹ በየስልኩ አዲስ አበባን ያያሉ፤ የካቲት 23 ሲሆን ወጣቱ ጎፈር ደፍቶ፣ ለምድ ደርቦ፣ ጋሻና ጦር ይዞ ምኒልክ አደባባይ ይወጣል። ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በእግራቸው እስከ ዓድዋ የሚሄዱ አሉ። «እኛስ?» አሉን። እኛስ ማለታቸው አንጀታችንን በላው፤ ግማሾቹ እኮ ካርቱም የተወለዱ ናቸው።

ገንዘብ የለም። የጆንያ ክር ተርትረን፣ ሻይ ቅጠል አፍልተን አቀለምነውና ጎፈር ሆነ። ጋሻው የባልዲ ክዳን፣ ጦሩ ሸምበቆ፣ ጫፉ በሲጋራ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን፤ የዝናሩ ጥይት ደግሞ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ነበር። አንድ ሕግ አወጣን፤ የለበሰ ሁሉ ስለ ለበሰው ሰው «እኔ» እያለ ሦስት ደቂቃ ይናገራል። ማን እንደሆነ ሳያውቅ የሚለብስ አይኖርም።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ አባት ማታ ቤታችን መጡ። ቡና ቀርቦላቸው ሁለተኛውን እስኪጠጡ ዝም አሉና «መምህር፣ ልጄ የምኒልክ ዘውድ እንዲደፋ አልፈልግም። በእኛ ቤት የሚወራው ታሪክ ሌላ ነው» አሉን። በማግስቱ አንዲት እናት ሰምተው ኖሮ «ያለ ምኒልክ ደግሞ የምን ዓድዋ ነው?» ብለው በር ላይ ጠበቁን። አገር ቤት ጦርነት ላይ ነበር፤ ክፍላችን ውስጥ የትግራይም፣ የኦሮሞም፣ የአማራም ልጆች ነበሩ። መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ተምረናል፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረን። (በዓመቱ፣ በ2015 ዓ.ም የካቲት 23፣ እዚያው አዲስ አበባ ምኒልክ አደባባይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ በዓሉ ተበተነ፤ ሰውም ሞተ። አባትየው የፈሩት ያለምክንያት አልነበረም።)

ምን አደረግን? ማንንም አላስገደድንም፤ ማንንም አልከለከልንም። የዘመቻው ጥሪ ከምኒልክ መምጣቱን አስተማርን፤ ከየአገሩ የዘመቱትንም ስም ሰሌዳው ላይ ደረደርን፤ ራስ አሉላ፣ ራስ መኮንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ንጉሥ ተክለሃይማኖት፣ ዋግሹም ጓንጉል፣ ባልቻ ሳፎ፣ እዚያው የወደቁት ፊታውራሪ ገበየሁ። ልጁ ራሱ ይምረጥ። የአባትየው ልጅ መድፈኛውን ባልቻን መረጠ። ከሁለት ቀን በኋላ አባቱ አንድ ሜትር የሚሆን የውሃ ቧንቧ ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። «መድፍ የሌለው ባልቻ አለ እንዴ?» አሉን። ምን አለፋችሁ፣ ሳቅን!

ጣይቱን ለመሆን ሦስት ሴቶች ተጣሉ። ሁለቱ ዘውድ ከወርቃማ የከረሜላ ወረቀት ሠሩ። ሦስተኛዋ ግን ቀሚሷን ለብሳ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ቀረበች። በጥር 1888 ዓ.ም መቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበሩት ጣሊያኖች ውሃቸው ተይዞባቸው ምሽጉን እንደለቀቁ፣ ምክሩም የጣይቱ እንደነበር አንብባለች። «ዘውዱን እነሱ ይድፉት፤ እኔ በዚህ ነው ያሸነፍኩት» ብላ ጀሪካኑን መሬት ላይ ዱብ አደረገችው። አንድ ልጅ ደግሞ ምንም ልብስ ስላላገኘ የእናቱን ነጠላ አጣፍቶ ባዶ እግሩን መጣ፤ አፍሮ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ዓድዋ የዘመተውን ወታደር የመሰለው እሱ ነው፤ አብዛኛው ሠራዊት ሸማ ለብሶ በባዶ እግሩ የተጓዘ ነውና። ይህንን ስንናገር እንዴት ቀና እንዳለ!

ጣሊያን የሚሆን ግን ጠፋ። ዕጣ ብናወጣ የደረሰው ልጅ አለቀሰ። ባራቲየሪን እኛው ሆንን፤ በኩል ጢም ሥለን በሃያ ሁለት ልጅ ተባረርን።

በዓሉን ያደረግነው ከየካቲት 23 ቀጥሎ በነበረው ዓርብ ነው። ጦሮቹ በራክሻው ግራና ቀኝ ወጥተው መንገደኛው ሁሉ ያያል። በዚያ ከተማ ጦር ይዞ መሄድ ያስፈራ ነበር፤ ደግሞም ሐበሻና ሱዳን በ1881 ዓ.ም መተማ ላይ የተዋጉ መሆናቸው ይታወቃል። ጎረቤታችን የነበሩት ሐጃ ግን «ሠርግ ነው?» ብለው ጠየቁን። የአያቶቻችንን ልብስ ነው አልናቸው። «እሺ፣ እንደ ሐመድ አል ኒል ማለት ነው» አሉና አለፉ። ኦምዱርማን፣ ሐመድ አል ኒል መቃብር ዘንድ፣ ዓርብ ዓርብ ሲመሽ ደርቪሾቹ አረንጓዴና ቀይ እራፊ የተጣፈበት ጀላቢያ ለብሰው ይዞሩ ነበርና ነገሩ ለእሳቸው እንግዳ አልሆነም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ጎፈሮቹ የትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ። እኛም፣ ከልጆቹ የተወሰኑትም ወደዚህ መጠለያ መጣን። ሌሎቹ የት እንደደረሱ አናውቅም። ባልቻ የነበረው ልጅ አሁን ከእኛ ይረዝማል፤ ውሃ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ ጀሪካኑን ያነሳልናል።

ቪዲዮውን ያሳየችን ተማሪ ይህን ሁሉ ነግረናት ስናበቃ «ታዲያ ዘንድሮስ?» አለች። እነሆ ጀምረናል። ያረጀ የቃጫ ጆንያ፣ የባልዲ ክዳን፣ የበግ ቆዳ ያላችሁ ወላጆች ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ብታደርሱልን እንወዳለን። መድፉን የሚሠራልን ሰው አግኝተናል። ባራቲየሪን የሚሆን ግን እስካሁን አልተመዘገበም፤ ጉልበታችን እንደ ድሮው ስላልሆነ መሮጥ የሚችል ጎልማሳ ቢገኝ ቦታውን በደስታ እንለቃለን።