ለሐኪም የማትነገረው ሰማያዊ ክኒን

ድሬዳዋ ላይ ስለ ሙቀቱም፣ ስለ ጫቱም፣ ስለ ኮንትሮባንዱም በግልጽ ይወራል። ስለ ቪያግራ የሚወራው ግን በቀልድ ብቻ ነው። በርጫ ላይ ስሟ ሲነሳ ይሳቃል፣ ወዲያው ወሬው ይቀየራል። ዛሬ ሳንስቅ እናውራ፤ ነገሩ ከአልጋ ይልቅ የልብ ጉዳይ ነውና።

የደም ሥራችን የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ከመጥፋቱ በፊት ግን የደም ሥሩን ጡንቻ ያላላዋል። ሥሩ ይሰፋል፣ ደም እንደ ልብ ይፈሳል። ይህን የደረሱበት አሜሪካውያኑ ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮ እና ፈሪድ ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሙራድ በ1977 ያሳየው፣ ለልብ ሕመምተኞች አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ናይትሮግሊሰሪን የሚሠራው ይህንኑ ጋዝ በመልቀቅ መሆኑን ነው። ናይትሮግሊሰሪን ደግሞ አልፍሬድ ኖቤል ድማሚት የሠራበት ፈንጂ ነው። ኖቤል ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ያዘዙለት እሱኑ ነበር።

ቪያግራ በአሜሪካ የተፈቀደችው በዚያው በ1998 ነው። መጀመሪያ የተሞከረችውም ለልብ ሕመም ነበር። እሷ ጋዙን አታመነጭም፤ የጋዙ መልእክት ቶሎ እንዳይሰረዝ ታደርጋለች። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ናይትሮግሊሰሪን ቧንቧውን ይከፍታል፣ ቪያግራ መውረጃውን ትደፍናለች። ሁለቱ ከተገናኙ የደም ግፊት በአንዴ ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። ቪያግራ የወሰደ ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት የናይትሬት መድኃኒት አይሰጠውም የሚባለው ለዚህ ነው።

እስቲ አንድ የ45 ዓመት ጎልማሳ አስቡ። ቀን ቅሟል፣ ማታ ጨብሲ ወጥቷል፣ ክኒኗንም ውጧል። እኩለ ሌሊት ላይ ደረቱን ይወጋው ጀመር። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ሐኪሙ "የወሰድከው መድኃኒት አለ?" ይለዋል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች፣ ታላቅ ወንድሙም አለ። "ምንም" ይላል። ሐኪሙ የሚያነሳው መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን ሊሆን ይችላል። ያቺ "ምንም" የምትባል ቃል ነፍስ ታጠፋለች።

ይህ ደግሞ የሩቅ ስጋት አይደለም። ጫት የልብ ምትን ያፋጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በ2005 የታተመ የየመን ጥናት አብዝተው የሚቅሙ ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ጥቃት የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ክኒኗና የደረት ሕመሙ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ የሚችሉት እንደ እኛ ባለ ከተማ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ወንድ "አልቻልኩም" ሲል ብዙ ጊዜ ችግሩ የወኔ አይደለም። ስኳር፣ ግፊት ወይም ሲጋራ የደም ሥሩን ሽፋን ጎድቶት ጋዙን በበቂ ማመንጨት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ቀድመው ይታወካሉ፤ የልቡ ተራ በኋላ ይመጣል። ይህ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ሳይመረመር ክኒን የሚገዛ ሰው ደወሉን ዘግቶ ይተኛል።

"እኔ ብከለክለው ከጎረቤት ይገዛል" የሚል ፋርማሲስት እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ሱቅ ማሸግ ብቻውን ገበያውን ወደ ኮንትሮባንድ ይገፋዋል፤ እዚያ ደግሞ ክኒኑ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሕጉ ማዘዣ ይጠይቃል፣ ሊከበርም ይገባል። እስከዚያው ግን ገዢውን "የልብ መድኃኒት ትወስዳለህ? ደረትህን ያምሃል?" ብሎ ለመጠየቅና ግፊቱን ለመለካት አምስት ደቂቃ ይበቃል። የድሬዳዋ ጤና ቢሮ ይህን ግዴታ ቢያደርገው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሆስፒታሎችም ደረቱን ያመመውን ወንድ ቤተሰቡን ወደ ውጭ አስወጥተው ስለ ክኒኗ በስሟ ይጠይቁት፤ "መድኃኒት ወስደሃል?" ማለት አይበቃም።

አቦ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። የዋጣችሁትን ለጓደኛ ባትነግሩ ግድ የለም፣ ለሚስትም ባትነግሩ በእናንተና በእሷ መካከል ነው። ለሐኪሙ ግን ንገሩት። እሱ ይህን ሲሰማ አይስቅም፤ የሚሰጣችሁን መድኃኒት ብቻ ይቀይራል።