ወፍራም ድምፅ በመጋዝ አይገኝም

ሰሞኑን ማርሚታው የተቆረጠ ሀይሉክስ ወደ ሰፈራችን ገብቷል። እኩለ ሌሊት አለፍ ሲል ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ይታጠፍና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣዋል። ውሾች ይነሣሉ፣ መስኮት ይርገበገባል፣ ማዶ አራስ ያለችበት ቤት መብራት ይበራል። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱን አግኝቼ ጠየቅሁት። ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ወፈር ያለ ድምፅ እንዲኖራት ፈልጌ ነበር፤ አዲስ ማርሚታ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ቢጨንቀኝ አስቆረጥኳት» አለኝ።

ፍላጎቱን አልነቅፍበትም። ጥሩ የናፍጣ ሞተር ሚኒሞ ላይ ሆኖ ሲያጉረመርም ቆሜ ማዳመጥ እኔም እወዳለሁ። እጅ ማጠሩም ነውር አይደለም። ያናደደኝ ያቺው ያለችው ብር በከንቱ መሄዷ ነው። ልጁ ወፍራም ድምፅ ሊገዛ ሄዶ ጩኸት ሸጡለት።

ከመጋዝ ጋር ያለኝን ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁታላችሁ። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል፣ ካታላይዘር ሲደፈን በፌሮ ወግቶ ባዶውን ማስቀረት፣ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ አምፖሉን መንቀል። የእኛ ጋራዥ ጥገና ስንቱን ጊዜ ማጉደል ሆኖ ቀረ! ማርሚታም ተራው ደረሰው።

እስቲ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንየው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር በሰከንድ 25 ምት ይሆናል፤ 2,000 ዙር ላይ ወደ 67 ይደርሳል። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው በሰከንድ ከ20 ንዝረት አካባቢ ነውና፣ የሀይሉክስ ድምፅ ገና ሲፈጠር ወፍራም ነው ማለት ነው። የሚያበላሸው በላዩ የሚደረበው ቀጭኑ ነው፤ ጋዙ ከቫልቭ ሲወረወር የሚያፏጨው፣ ቱቦው የሚያንቃጭለው። ማርሚታው ሲቆረጥ ሁለቱም አብረው ይለቀቃሉ። ጆሯችን ደግሞ ለቀጭኑ ይበልጥ ስሱ ነው፤ ስለዚህ ወፍራሙ እዚያው እያለ እንኳ የምንሰማው ስንጥቅጥቁን ነው። ወፍራም ድምፅ የሚፈልግ ሰው ቀጭኑን የሚውጥ ነገር መጨመር አለበት።

ይህ በርካሽ ሲሠራ ያየሁት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ማርሚታ ሠሪ ዘንድ ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ ቀጥ ያለ ቱቦ መረጠ፤ ስፋቱ ከመኪናው ቱቦ ጋር እኩል ነው። ዙሪያውን በድሪል በሳሳው፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የወጣውን ሹል ጠርዝ በሞረድ አስተካከለ። በተበሳሳው ላይ መጀመሪያ የብረት ሱፍ ጠመጠመ፣ ከላይ የመስታወት ፋይበር ደረበበት። የብረት ሱፉ ከሥር የገባበት ምክንያት አለው፤ ትኩሱ ጋዝ ፋይበሩን በቀጥታ ካገኘው ቀስ በቀስ እየበጣጠሰ በጭስ ማውጫው ያስወጣዋል። ከዚያ ላሜራ ጠቅልሎ ዳርና ዳሩን በየደና በጣቱ አንጓ እየቆረቆረ አዳመጠው። አንድ ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ሲሰጠው ምንም ሳይናገር መልሶ ከፈተውና ሱፍ ጨመረበት። እንዲህ ያለ ሰው እጁ ይባረክ!

አሠራሩ ግልጽ ነው። ጋዙ በቱቦው መሀል ሳይታገድ ያልፋል፤ ድምፁ ግን በቀዳዳዎቹ ወደ ሱፉ ይገባል፤ ቀጭኑ እዚያ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ወፍራሙ ያልፋል። ማርሚታው በረዘመ ቁጥር የሚውጠው ይበዛል፤ ስለዚህ ከሻንሲው ሥር ቦታ እስካለ ድረስ ረጅሙን አሠሩ። የጭራው ቱቦም ከካሶኒው ጫፍ አልፎ ይውጣ፤ ረጅም ቱቦ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል። ማንጠልጠያ ጎማዎቹ ካረጁ ለውጧቸው፤ አለበለዚያ ንዝረቱ ወደ ጋቢና ይገባና ረጅም መንገድ ላይ ራስ የሚያዞር ጉምጉምታ ይሆናል። ጫፉ ላይ የሚሰካው የሚያብረቀርቅ ሰፊ አፍ ለዓይን ነው፤ ብራችሁን ለሱፉ አድርጉት።

«ሲቆረጥ ጉልበት ይጨምራል» የሚሉም አሉ። ቱርቦ የሌለው፣ አምስት ኤል የሚባለው የሀይሉክስ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚደክመው አየር አጥሮት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አምስት እጅ ላይ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። መግቢያው ላይ የጎደለውን አየር መውጫውን በመቁረጥ አትመልሱትም። ከጋቢናው ሥር የተቆረጠ ቱቦ ደግሞ ጭሱን ወደ ሹፌሩ ይልካል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ለካንሰር እንደሚዳርግ የተረጋገጠ ነው ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ክርክሩን እዚህ ላይ እዘጋዋለሁ።

ሕጉም ቢሆን አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ ድምፅም ይናገራል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው መመሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለቦሎ ምርመራ የተዋሰውን ማርሚታ አስገጥሞ አልፎ፣ በማግስቱ የሚያስነቅል ሰው ሞልቷል። የሚቆጣጠር ሰው ከግቢው ወጥቶ መንገድ ላይ፣ ሌሊት፣ ቢሰማ እንዴት ደስ ባለኝ!

ድምፅ ማፈንን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ ማክሲም የሚባሉት አባትና ልጅ ናቸው። አባትየው ሂራም ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1884 በስሙ የሚጠራውን መትረየስ ሠራ፤ ለዓመታት ከተኩሱ አጠገብ ቆሞ ጆሮውን አጣ። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1909 ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ያንኑ ዕውቀት ወስዶም ለመኪና ማርሚታ ሠራ። ልጁ ይህን ሥራ የያዘው በአባቱ ጆሮ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። እኔ ግን ስለ አባትየው ጆሮ ሳላስብ ስለ ልጁ ሥራ ማሰብ አይሆንልኝም።

ያ የሶማሌ ተራው ማርሚታ ሠሪ ሁለት ለማጅ ልጆች አሉት። ታናሹ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ላሜራውን በግራይንደር የሚቆርጠው እሱ ነው። ግራይንደሩ ጠፍቶ፣ ጋራዡ ጸጥ ብሎ፣ ስሙን ጠየቅሁት። «እ?» አለኝ። ደገምኩለት። ወደ አፌ ጠጋ ብሎ ከንፈሬን ማየት ጀመረ። እንዲህ የሚያደርግ ሽማግሌ ብዙ አውቃለሁ፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሲያደርገው ግን አንጀቴን በላው።

የሙያ ጤና ባለሙያዎች በቀን ስምንት ሰዓት የሚፈቅዱት 85 ዴሲቤል ነው። በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ላሜራ የሚቆርጥ ግራይንደር እዚያ አካባቢ ይጮኻል፤ ልጁ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ ነው። ዓይኑን በመነጽር ሸፍኗል። ጆሮው ላይ ምንም የለም። በጩኸት የሞተው የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አያድግም።

ጌታውን ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ይለምዱታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ልጆቹንም ምሳ ከራሱ ሳህን ያበላቸዋል። የለመደው ግን ጆሮው ስለማይሰማ ነው፤ ስንነጋገር ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው እሱ ነበር።

እንግዲህ ወደ ማርሚታ ሠሪ የምትሄዱ አንባቢዎቼ፣ ቱቦና ሱፍ ስትገዙ ከፋርማሲ የአረፋ ጆሮ መድፈኛም ጨምሩ። ለጌታው አትስጡት፣ ኪሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በቀጥታ ለልጁ ስጡት። አረፋው በጣት ተድቦልቡሎ ጆሮ ውስጥ ገብቶ እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ መያዝ እንዳለበት አሳዩት፤ ግራይንደሩን ሳያነሣ።