ባትሪ የሚገዛ ብዙ፣ ሽቦ የሚያስፈትሽ ጥቂት

አሮጌ ፒካፕ ያለው ሰው ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ልቡም አብሮ ይዞራል። ሞተሪኖው «ቅጭ» ብሎ ዝም ካለ የዕለቱ ገበያ ተበላሸ ማለት ነው። ከመቂ ቲማቲም ጭኖ ሌሊቱን በመጓዝ ንጋት ላይ አዲስ አበባ፣ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ መድረስ ያለበት ባለ ፒካፕ ሁለት ሰዓት ከዘገየ ዋጋው ወርዶ ይጠብቀዋል። ቀኑን ሙሉ ከቆመማ ቲማቲሙ ከነሣጥኑ ይበላሻል።

በዚህ ጭንቀት መሃል የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ባትሪው ሞቷል ጋሼ፣ ይቀየር» ይባላል። ባትሪው ይቀየራል፤ መኪናው ይነሳል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው «ቅጭ» ይመለሳል። አሁን ደግሞ ተጠርጣሪው ዲናሞው ነው። ሶማሌ ተራ ተወርዶ ያገለገለ ዲናሞ ይገዛል። ከወር በኋላ ተራው የሞተሪኖው ይሆናል። ሦስቱም ዕቃዎች ከተገዙ በኋላ የማታ ማታ ጥፋተኛው ሲገኝ፣ ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ ጫፉ ዝጎ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መድኃኒቱ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ብሎንና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ይህ የአንድ ጋራዥ ወይም የአንድ ባለንብረት ጉድለት ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። የገበያው አሠራር ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ገበያ ለዕቃ ይከፍላል፤ ለእጅ ዋጋም ቅር እያለው ይከፍላል፤ ብልሽቱን ፈልጎ ለማግኘት ለሚጠፋው ጊዜ ግን ምንም አይከፍልም። ያልተከፈለበት ሥራ ደግሞ አይሠራም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ከአዲሶቹ ይበልጥ በታክስ እንዲከብድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ባትሪም ሆነ ዲናሞ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይሄዳል። እንግዲህ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሃይሉክስ ይዞ የሚተዳደር ሰው አውጥቶ የሚጥለው ዕቃ የለውም። መኪናው ገና ብዙ መሥራት አለበት። የሞተሩ ብረት ይታደሳል፤ ቦዲውም ላሜራ ይለጠፍበታል። የሚረሳው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ሽቦ ነው።

ሽቦ ያረጃል። ከሞተር ሙቀት አጠገብ ሃያ ዓመት የኖረ የሽቦ ልባስ ደርቆ ይሰነጠቃል። ወደ ኋላ መብራቶች የሚሄደው ሽቦ በጭቃና በውኃ ይበላል። በላሜራ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ መከላከያ ጎማው ከወደቀ በጉዞ መንቀጥቀጥ እየተፋቀ መዳቡ ይገለጣል። በዚህ ላይ የሰው እጅ ይጨመርበታል። አንዱ ባለቤት ቴፕ ያስገባል፤ ሁለተኛው አላርም፣ ሦስተኛው ተጨማሪ መብራት ያስገጥማል። ሁሉም የሚቀጥለው በተገኘው ሽቦ ላይ ነው፤ የሚሸፈነውም በናስትሮ ነው። መኪናው ሦስተኛ ባለቤት እጅ ሲደርስ የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው የለም።

ትንሽ ዝገት ምን ያህል እንደምትጎዳ በስሌት ማየት ይቻላል። ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። በዛገው ገመድ ጫፍ ላይ የአንድ ኦም ሃምሳኛ፣ ማለትም 0.02 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር፣ በዚያች ነጥብ 3 ቮልት ይባክናል። ከ12 ቮልት ባትሪ 3 ቮልት መንገድ ላይ ከቀረ አዲስ ባትሪም ቢሆን ሞተሪኖውን በአግባቡ አያዞርም። አዲሱ ባትሪ መጀመሪያ ላይ መኪናውን የሚያስነሳው ጉልበቱ ትኩስ ስለሆነ ነው እንጂ ብልሽቱ ስለተጠገነ አይደለም።

ሌላው ሌባ ጠፍቶ እንኳ የሚበላው ሽቦ ነው። ቁልፉ ተነቅሎ በቆመ አሮጌ መኪና ከባትሪው የሚወጣው ፍሰት ከ50 ሚሊአምፔር ባይበልጥ ጤና ነው ይባላል። በአንድ የተላጠ ሽቦ ወይም በተሳሳተ ቦታ በተቀጠለ ቴፕ ምክንያት 1 አምፔር የሚፈስ ከሆነ፣ ከቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት በቆመባቸው 36 ሰዓታት 36 አምፔር ሰዓት ይጠፋል። የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በላዩ ሄደ ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ባትሪው ይወቀሳል።

እስካሁን የተነገረው የገንዘብ ኪሳራ ነው። ከዚህ የከፋው በፊውዝ ላይ የሚደረገው ቁጠባ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል መልእክት አለው፤ «ከእኔ በላይ ሽቦው ሊቃጠል ነበር» ማለቱ ነው። መልእክቱን ከመስማት ይልቅ በሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ ወይም በቁራጭ ሽቦ አስሮ መሄድ የተለመደ ሆኗል። ሁለት ባለ 60 ዋት የፊት አምፖሎች በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባሉ። በእነርሱ ቦታ ሁለት ባለ 100 ዋት ሲገቡ ፍሰቱ ወደ 17 አምፔር ይጠጋል፤ በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን በፍሰቱ ልክ ብቻ ስለማይጨምር ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ፊውዙ ታስሮ ሽቦው ያው አሮጌው ከሆነ የሚቀጥለው ኮንታክትና ጭስ ነው። ቃጠሎው የሚነሳው ነጂው እግሩን በዘረጋበት በዳሽቦርዱ ሥር ነው። በሌሊት የሞጆን መንገድ ይዞ ከከባድ መኪኖች ጋር የሚጋፋ ፒካፕ መብራቱ በድንገት ቢጠፋ የሚመጣውን ለመናገር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ጥፋቱን በጋራዥ ሠራተኛው ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ባለሙያው የቦታ ኪራይ አለበት፤ የሚያስተምረው ረዳት አለው። ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ «ቶሎ በልልኝ ጎበዜ፣ ዕቃ ተጭኖ ይጠብቀኛል» ይለዋል። ሦስት ሰዓት ሽቦ ሲከተል ውሎ ዝገቱን አግኝቶ ቢያጸዳና ዋጋ ቢጠይቅ፣ «አንዲት ብሎን ላጠበቅህበት ነው ይህን ሁሉ የምትለኝ?» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ዲናሞ ቢቀይር ግን ማንም አይከራከረውም፤ ዕቃው በዓይን ይታያላ! ገበያው እውቀትን ሳይሆን ብረትን ስለሚከፍል ባለሙያውም ብረት መለወጥን ለመደ።

በዕቃ ሻጩ በኩልም ችግር አለ። ያገለገለ ዲናሞ «ተሞክሯል» ተብሎ ይሸጣል፤ የት እንደተሞከረ የሚገልጽ ወረቀት ግን የለም። በሽቦው ገበያ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ ንጹህ መዳብ ሊሸጥ ይችላል። በውፍረት እኩል ቢሆንም አሉሚኒየሙ የሚሸከመው ፍሰት ከመዳቡ ያነሰ ነው፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ገዢው ጫፉን በምላጭ ፋቅ ቢያደርገው ከሥሩ ነጭ ብረት ይታየዋል።

አንዳንድ ወገኖች «አሮጌ ፒካፕ ለሚነዳ ድሃ የምርመራ ዋጋ ክፈል ማለት ቅንጦት ነው» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ሚዛን አይደፋም። ዕቃ በግምት የመቀየር ወጪ የሚጎዳው በቅድሚያ ገንዘብ የሌለውን ነው። ሀብታሙ ሦስት ዕቃ ገዝቶ ይረሳዋል፤ ድሃው ለሦስቱም ይበደራል። ሌሎች ደግሞ የሽቦውን መስመር በሙሉ አውጥቶ አዲስ መዘርጋት ይሻላል ይላሉ። ልባሱ ሁሉ ለደረቀበትና በየቦታው ለተቀጣጠለ መኪና ሐሳቡ ትክክል ነው። ሳይመረምሩ በአንዴ ወደዚያ መሄድ ግን ያው በግምት ዕቃ የመለወጥ ልማድ በትልቁ መሆኑ ነው።

መፍትሔው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቴስተር የሌለው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ይከበር። ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ ሲለካ በ13.8 እና በ14.5 ቮልት መካከል ከሆነ ባትሪውም ዲናሞውም በቅድሚያ የሚጠረጠሩበት ምክንያት የለም። ቀጥሎ ሞተሪኖው እየዞረ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ይለካ፤ ንባቡ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ጥፋቱ በገመዱና በማሳው፣ ማለትም ገመዱ ከብረቱ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ነው። ባትሪው ቆሞ የሚያልቅ ከሆነ ቴስተሩ በኔጌቲቭ ገመዱ መስመር ገብቶ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ፤ የትኛው ሲነቀል ንባቡ እንደወረደ ሲታይ ሌባው ያለበት መስመር ይታወቃል። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም የዕቃ ወጪ ሳይወጣ የሚሠራ ነው።

ከዚያ በኋላ የውሉ ነገር ይመጣል። ባለንብረቱና ባለ ጋራዡ የፍለጋውን ዋጋ ከጥገናው ለይተው አስቀድመው ይስማሙ። ብልሽቱ ቢገኝም የእጅ ዋጋው ይከፈል፤ ካልተገኘ ደግሞ ዕቃ አይቀየር። በምትኩ ባለሙያው የለካውን ቁጥርና የሠራውን ሥራ በወረቀት ይስጥ። ለምሳሌ «የሞተር ማሳ ጸድቷል፤ የፊት መብራት በሪሌ እንዲሠራ ተደርጓል፤ ፊውዙ 15 አምፔር ነው» የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። ወረቀቱ ለሚቀጥለው ባለሙያ መንገድ ያሳያል፤ መኪናው ሲሸጥም ዋጋ ይጨምራል። ፒካፕ የሚገዛ ሰው ጎማ ከመምታትና ኮፈን ከፍቶ ሞተር ከማዳመጥ አልፎ የፊውዙን ሳጥን ክዳን ከፍቶ ቢያይ፣ የታሰረ ሽቦ ካገኘ የዋጋ መከራከሪያ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ከዚህ ገበያ ተጠቃሚ የሚሆነው በመጀመሪያ ጎበዙ ባለሙያ ነው። ዛሬ ብልሽት ፈልጎ የሚያገኘውና ዕቃ በግምት የሚለውጠው አንድ ዓይነት የእጅ ዋጋ ይበላሉ፤ እንዲያውም ዕቃ ለዋጩ ይበልጣል። ፍለጋው ዋጋ ሲያገኝ ግን ረዳቶቹም መፍቻ ከማቀበል አልፈው መለካት ይማራሉ።

የመቂው ባለ ፒካፕ ንጋት ላይ ገበያ መድረስ አለበት። የሚያደርሰው በዱቤ የተገዛ ሦስተኛ ባትሪ አይደለም። የሚያደርሰው ባለሙያው ተንበርክኮ የፈለጋት፣ ያጸዳትና ያጠበቃት ያቺ አንዲት ብሎን ናት። ለብሎኗ ሳይሆን ብሎኗን ለማግኘት ለጠፋው ጊዜ መክፈል የለመደ ባለንብረት ቁልፉን ሲያዞር ልቡ አብሮ አይዞርም።