ሰርቨሩ አላረጀም፤ ታፍኖ ነው!

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ «ሞንጎዲቢ 5.0 አልነሳ አለ፣ ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» የሚለው ሪፖርት ይብቃን! ሞንጎዲቢ የሚፈልገው ኤቪኤክስ ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ የገባው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከቨርችዋል ማሽኑ የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ። ፕሮክስሞክስ 7 ካልነካችሁት «ኬቪኤም64»ን ይሰጣችኋል፤ 8 እንኳ ኤኢኤስን ጨመረ እንጂ ኤቪኤክስን አያሳይም።

«ወደ ሌላ ሰርቨር ስናዛውረው ይወድቅብናል» ትላላችሁ። ሰርቨሮቹ ከተለያዩ እውነት ነው፤ የአሮጌውን ሞዴል ምረጡ። አንድ ሰርቨር ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት ግን ወዴት ሊያዛውር ነው? «ሆስት» በሉት፣ አጥፍታችሁ አስነሱት፣ በቃ!

ሴቲንግ መንካት ፈርቶ ማሽን መውቀስ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ለአዲሱ ሰርቨር የሚከፍለው ደግሞ ግብር ከፋዩ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ነው።